የስክሪኑን ድምቀት ማን ይወስን? ሊኑክስ እና የላፕቶፕ ብርሃን ሴንሰር

እ.ኤ.አ. በ2003 መጀመሪያ አፕል ያቀረበው ባለ 17 ኢንች ፓወርቡክ የክፍሉን ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ይዞ መጣ። ክፍሉ ሲጨልም ኪቦርዱ ከስሩ ይበራል፤ የስክሪኑም ድምቀት ከአካባቢው ጋር ይስማማል። በሊኑክስ ዓለም ይኸው አገልግሎት ተራ ተጠቃሚ ከሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሊያበራውና ሊያጠፋው በሚችል መልክ የደረሰው ግን በመስከረም 2015፣ ግኖም 3.18 የተባለው ዴስክቶፕ ሲወጣ ነው። በመካከሉ ከ12 ዓመት በላይ አለፈ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው ሥራው ረቂቅ ስለሆነ አይደለም። ሴንሰሩ በመጨረሻ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ከሃርድዌሩ የሚያነበው ድራይቨርም ከጥቂት መቶ መስመር ኮድ አይበልጥም። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነው፦ ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ የት ይቀመጥ? ማን ይየው? እሱን ተከትሎ ስክሪኑን የማደብዘዝና የማድመቅ ውሳኔስ የማን ነው? ሊኑክስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዘግይቶም ቢሆን በአብዛኛው ጥሩ መልስ አግኝቷል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛውና ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየው ግን ዛሬም በቂ ሥራ አልተሠራበትም። ድራይቨሩ ሲገባ ሥራው እንዳለቀ የመቁጠር ልማድም ለዚህ ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

በመጀመሪያ ሴንሰሩ ራሱ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የሚለካው በአንድ ወለል ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ነው፤ መለኪያው ላክስ ይባላል። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ከአንድ ላክስ በታች ነው። ማታ በአንድ አምፖል የሚበራ ሳሎን 50 ላክስ አካባቢ፣ በደንብ የበራ ቢሮ ከ300 እስከ 500፣ ደመናማ ቀን ውጭ ከ1,000 እስከ 10,000፣ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 100,000 ላክስ ይደርሳል። አንድ ሰው ላፕቶፑን ከሳሎን አንሥቶ በረንዳ ላይ ቢያወጣው ሴንሰሩ የሚያየው ቁጥር በሺዎች እጥፍ ያድጋል። ሰውየው ግን “ደመቀ” ይላል እንጂ ብርሃኑ በሺህ እጥፍ እንደበዛ አይሰማውም። ዓይናችን ብርሃንን የሚመዝነው በልዩነቱ ሳይሆን በእጥፉ ነው፤ ከ50 ወደ 100 ላክስ የሚደረገው ለውጥና ከ5,000 ወደ 10,000 የሚደረገው ለውጥ ለእኛ ተቀራራቢ ናቸው። ይህን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲሊከን ደግሞ እንደ ዓይን አያይም። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃቃው 555 ናኖሜትር አካባቢ ባለው አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን ተራ የሲሊከን ፎቶዳዮድ ግን ይበልጥ የሚነቃው እኛ በማናየው ኢንፍራሬድ ነው። ፀሐይና የድሮው ባለ ክር አምፖል ብዙ ኢንፍራሬድ ይለቃሉ፤ ኤልኢዲ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዳንድ ቺፖች ሁለት ዳዮድ ይይዛሉ። አንዱ ሁሉንም ይለካል፣ ሌላው ኢንፍራሬዱን ብቻ፤ ከሁለቱ ልዩነት ዓይን የሚያየው ይሰላል። ኖኪያ ኤን900 በተባለው ስልክ ውስጥ የነበረው ቲኤስኤል2563 ከዚህ ዓይነት ነው።

መብራቱም ራሱ ይርገበገባል። 50 ኸርዝ በሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ የተሰካ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፤ በ60 ኸርዝ ደግሞ 120 ጊዜ። ሴንሰሩ ለቅጽበት ብቻ ቢያይ አንዴ ከፍታውን፣ አንዴ ዝቅታውን ይይዝና ቁጥሩ ያለ ምክንያት ይዋዥቃል። ለዚህ ብዙ ቺፖች ብርሃኑን ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ያጠራቅማሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የ50 ኸርዝ መስመር 10 ሙሉ መርገብገብ፣ የ60ው ደግሞ 12 ስለሚጨርስ ስሌቱ በሁለቱም ዓለም እኩል ይሠራል።

አሁን ቁጥሩ ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንዴት ይደርሳል? ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ፈርምዌሩ (በማሽኑ ውስጥ ተጭኖ የሚመጣው ፕሮግራም) የሚነጋገሩበት የኤሲፒአይ መስፈርት በ2004 የወጣው 3.0 ስሪት ለብርሃን ሴንሰር የራሱን መለያ ሰጠው፦ ኤሲፒአይ0008። ከዚያ በኋላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በማሽኑ ውስጥ የትኛው ቺፕ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ፈርምዌሩን “አሁን ስንት ላክስ ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ ፈርምዌሩም ይመልሳል። የቀለሙን ሙቀት የሚናገር ጥያቄም አለ። ብርሃኑ ሲለወጥ ፈርምዌሩ ራሱ የሚልከው ማስታወቂያም ተደንግጓል። በወረቀት ላይ የተሟላ ነገር ነው። በተግባር ግን ማስታወቂያውን ጨርሶ የማይልኩ ፈርምዌሮች ነበሩ፤ የሊኑክሱ ድራይቨርም ቆይቶ በራሱ ሰዓት ቁጥሩን እየደጋገመ የሚጠይቅበት መንገድ እንዲጨመርለት ግድ ሆነ።

አምራቾች ደግሞ መስፈርቱን አልጠበቁም። አፕል ሴንሰሩን ከማቀዝቀዣው ማራገቢያና ከሙቀት መለኪያዎች ጋር በአንድ የራሱ መቆጣጠሪያ ቺፕ ስር አደረገው። አሱስ በራሱ መንገድ ሄደ። የሊኑክስ ሰዎችም ያገኙትን ሃርድዌር በተገኘበት መንገድ አገለገሉ። በ2007 በከርነል (የሊኑክስ ዋና አካል) 2.6.22 ስሪት የገባው አፕልኤስኤምሲ የተባለው ድራይቨር የማክቡክ ሴንሰሮችን ማንበብ ቻለ። ያኔ ማክቡክ ፕሮ በግራና በቀኝ ስፒከሮቹ ወንፊት ስር ሁለት ሴንሰር ስለነበረው ድራይቨሩም ሁለት ቁጥር አንድ ላይ ያወጣ ነበር፤ የግራና የቀኝ። እሱን አንብቦ የኪቦርዱን መብራት የሚያስተካክል ፖሜድ የተባለ ፕሮግራምም ነበር፤ በማክ ላይ በደንብ ይሠራ ነበር፤ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ግን አይሠራም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይታያል። እያንዳንዱ ድራይቨር ቁጥሩን በራሱ ስም፣ በራሱ ፋይል፣ በራሱ መለኪያ ያወጣዋል። የዴስክቶፕ ሠሪው አውቶማቲክ ድምቀት ልሥራ ቢል የአፕሉን፣ የአሱሱን፣ የኖኪያውን እየለየ መጻፍ ሊኖርበት ነው። ማንም ያን መሞከር አልነበረበትም።

መፍትሔው ለብርሃን ሴንሰሮች የጋራ ማረፊያ መሥራት መሆኑን በጊዜው የተረዱ ሰዎች ነበሩ። በ2009 ከኢንቴል በኩል የኤሲፒአይ ብርሃን ሴንሰር ድራይቨር ቀረበ። የከርነል ገንቢው ጆናታን ካሜሮን ደግሞ ለብርሃን ሴንሰሮች ብቻ የሚሆን ትንሽ ንዑስ ሥርዓት አዘጋጅቶ በ2010 መጀመሪያ ወደ ዋናው ከርነል እንዲገባ ጠየቀ። የሊኑክስ መሥራች ሊኑስ ቶርቫልድስ አልተቀበለውም። ጥያቄው፣ ለእንደዚህ ያለ ጠባብ ነገር የተለየ ክፍል ለምን ይከፈታል የሚል ነበር፤ ኪቦርድና ማውስ በሚገቡበት የኢንፑት ክፍል ለምን አይስተናገድም?

ይህን ውሳኔ ብዙ ሰው የዘገየበት ምክንያት አድርጎ ያነሣዋል፤ እውነትም አዘግይቷል። እኔ ግን ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነበር እላለሁ። ለብርሃን ብቻ ክፍል ቢከፈት ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት የእርጥበት፣ ከዚያ የግፊት፣ ከዚያ የማግኔት ሴንሰር የየራሱን ክፍል ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከርነልም በገባበት በር በቀላሉ የማይወጣ ነገር ይከማችበታል። አንድ መገናኛ አንዴ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ከተከፈተ እሱን መስበር በሊኑክስ ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ መጠንቀቁ ተገቢ ነበር። የኢንፑት ክፍል የሚለው ሐሳብ ግን አይገጥምም። ኢንፑት የተሠራው ሰው ሆን ብሎ ለሚያደርገው ነገር ነው፤ ቁልፍ ይጫናል፣ ማውስ ይገፋል፣ ክስተቱ ይላካል። የክፍል ብርሃን ማንም ሳይነካው ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው። የሚፈለገውም አንዳንዴ አሁን ያለው ልክ፣ አንዳንዴ ደግሞ የተወሰነ ጊዜ አማካይ ነው።

መልሱ ካሜሮን ራሱ ጎን ለጎን ሲሠራው ከነበረው ሌላ ሥራ መጣ። ኢንደስትሪያል አይኦ የተባለው ንዑስ ሥርዓት በ2009 መጨረሻ፣ በከርነል 2.6.32፣ ገና ያልበሰሉ ሥራዎች በሚቀመጡበት ክፍል ገብቶ ነበር። የታሰበው ለማንኛውም ነገርን ወደ ቁጥር ለሚቀይር ቺፕ ነው፦ ለቮልቴጅ፣ ለንዝረት፣ ለሙቀት፣ ለብርሃን። እያንዳንዱ ድራይቨር ጥሬ ቁጥሩንና ወደ መደበኛ መለኪያ የሚቀይረውን ማባዣ በአንድ ዓይነት ስም እንዲያወጣ ያስገድዳል። በ2012 በከርነል 3.5 ዋናው ክፍል ከዚያ ጊዜያዊ ቦታ ወጥቶ ቋሚ ሆነ። የኤሲፒአይ ድራይቨርም በመጨረሻ ማረፊያ አገኘ፤ መስፈርቱ ከወጣ ከ10 ዓመት በላይ በኋላ።

ለማነጻጸር ሌላውን ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኦፕንቢኤስዲን እንይ። በ2016 የኤሲፒአይ ብርሃን ሴንሰር ድራይቨር ሲጻፍለት ስለ ማረፊያ ብዙ ክርክር አላስፈለገውም። ኦፕንቢኤስዲ ቀድሞም የሙቀት፣ የማራገቢያ ፍጥነትና የቮልቴጅ መለኪያዎችን በአንድ ዝርዝር የሚያሳይ የሴንሰር ማዕቀፍ ነበረው፤ ላክስም ከመለኪያዎቹ አንዱ ነው። ድራይቨሩ ቁጥሩን እዚያ አኖረው፤ ተጠቃሚው በአንድ ትእዛዝ ያየዋል። ኤክስዲመር የተባለ ትንሽ ፕሮግራምም እሱን አንብቦ ስክሪኑን ያስተካክላል። ጥቂት ሰዎች የያዙት አንድ ወጥ ሥርዓት ሲኖር ሥራው እንዲህ ያጥራል። ነገር ግን ኦፕንቢኤስዲ የሚያገለግለው ሃርድዌር ሊኑክስ ከሚሸከመው በጣም ያነሰ ነው፤ ከእጅ ሰዓት እስከ ፋብሪካ መቆጣጠሪያ የሚደርስ ከርነል በዚህ መንገድ ሊሄድ አይችልም ነበር።

በዚሁ ጊዜ የሃርድዌሩ ዓለም ራሱ ተለወጠ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 የጀመረውን የሴንሰር ድጋፍ በ2012 በዊንዶውስ 8 ወደ ታብሌቶችና ተገልባጭ ላፕቶፖች አሰፋው። አምራቾች ሴንሰሮቹን ሁሉ በአንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ስር ሰብስበው ለኪቦርድና ለማውስ በተሠራው በኤችአይዲ ቋንቋ እንዲናገሩ አደረጉ። ይህ ለሊኑክስ ያልታሰበ ስጦታ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከርነል 3.7 ላይ የኤችአይዲ ሴንሰር ድጋፍ ስለገባ፣ ለዊንዶውስ ተብለው የተሠሩ ብዙ ማሽኖች ለእያንዳንዳቸው የተለየ ድራይቨር ሳይጻፍ ተነበቡ። ኤኤምዲ ፕሮሰሰር የነበራቸው ግን ተጎዱ። የኤኤምዲ ሴንሰር መቆጣጠሪያ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሰወረ ስለነበር የራይዘን ላፕቶፕ የገዛ ሰው እስከ የካቲት 2021፣ እስከ ከርነል 5.11 ድረስ ለድራይቨሩ መሠረት ጠብቋል።

ከከርነሉ በላይ ባለው ክፍል የፕሮግራም ሠሪው የባስቲየን ኖሴራ ሥራ ወሳኝ ነበር። አይአይኦ ሴንሰር ፕሮክሲ የተባለው አገልጋይ በከርነሉና በዴስክቶፑ መካከል ቆሞ የየድራይቨሩን ልዩነት ይሰውራል። ዴስክቶፑ “ብርሃኑን እፈልጋለሁ” ይለዋል፣ እሱ ያነባል፤ ፈላጊ ሲጠፋ ማንበቡን ያቆማል። ዋናው ነገር ያለው እዚህች የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ ሳለ ክፍሉን እየለካ ባትሪ የሚበላ ሴንሰር ማንንም አይጠቅምም። ሪቻርድ ሂዩዝ ደግሞ በላፕቶፓቸው ላይ ሴንሰር ለሌላቸው ፕሮግራም ሠሪዎች በዩኤስቢ የሚሰካ ከለርሃግ ኤኤልኤስ የተባለ ትንሽ መለኪያ ሠራ፤ ንድፉም ክፍት ነው። በእጃቸው የሌለ ሃርድዌር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ችግር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ እርምጃ ምን ያህል በሩን እንደከፈተ ይገባዋል።

እስከዚህ ያለው ልኬት ነው። ስክሪኑ ምን ያድርግ የሚለው ላይ ስንደርስ ነገሩ ይወሳሰባል።

ግኖም በመጀመሪያው አሠራሩ የመረጠው መንገድ ቀላል ነበር። ተጠቃሚው ድምቀቱን በእጁ ሲያስተካክል በዚያ ቅጽበት የሚነበበው ብርሃን መነሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ በምን ያህል እጥፍ እንደተለወጠ እየታየ ድምቀቱም በዚያው እጥፍ ይለወጣል፤ ለውጡ ድንገተኛ እንዳይሆን በጊዜ አማካይ እየተሰላ ይሄዳል። ተጠቃሚው ያለውን ማክበሩ ደስ ይላል። እንደገና ሲነካው መነሻው እንደገና ይሰላል። ስሌቱ ግን ዓይንን አያውቅም።

በቁጥር እንየው። በ300 ላክስ ቢሮ ውስጥ ስክሪኔን በ50 በመቶ አስቀመጥሁ እንበል። መጋረጃው ሲከፈት ብርሃኑ 600 ላክስ ይሆናል፤ በቀጥታ እጥፍ ስሌት ስክሪኑ ወደ 100 በመቶ ይዘላል። ማታ መብራቱ ደክሞ 30 ላክስ ሲቀር ደግሞ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ ጽሑፍ ለማንበብ የሚቸግር ጨለማ ማለት ነው። ዓይኔ ግን ሁለቱንም ለውጦች ያን ያህል አላያቸውም።

የኤሲፒአይ መስፈርት ለዚህ መልስ አስቀምጦ ነበር። አምራቹ ላፕቶፑን ሲሠራ አብሮት አንድ ሰንጠረዥ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። በመስፈርቱ ውስጥ ያለው ምሳሌ ይህን ይላል፦ በ0 ላክስ ተጠቃሚው ከመረጠው ድምቀት 70 በመቶውን፣ በ10 ላክስ 73፣ በ80 ላክስ 85፣ በ300 ላክስ 100፣ በ1,000 ላክስ 150 በመቶውን ስጥ። በነጥቦቹ መካከል በቀጥታ መስመር ብንሞላ ያ 50 በመቶ የነበረው ስክሪን በ600 ላክስ ወደ 61 በመቶ፣ በ30 ላክስ ደግሞ ወደ 38 በመቶ ይሄዳል። 61 እና 38፤ ከ100 እና ከ5 ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያው ተጠቃሚው ልብ ሳይለው የሚያልፍ ለውጥ ነው። ሁለተኛው ሰውየውን ወደ ሴቲንግ ገብቶ አውቶማቲኩን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ነው፤ ብዙዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የሰንጠረዡ ጥበብ የተጠቃሚውን ምርጫ መሐል ላይ አድርጎ የብርሃኑን ተጽዕኖ በልክ መገደቡ ላይ ነው። ሴንሰሩ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አያዝም። አንድ ሰው ዓይኑ ስለሚያመው ደብዘዝ ያለ ስክሪን ይወዳል፤ ሌላው ዕድሜው ስለገፋ በጣም የደመቀ ይፈልጋል። ሁለቱም በ300 ላክስ ክፍል የሚወዱትን ይዘው ይጀምራሉ፤ ሴንሰሩም ያንኑ ምርጫቸውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የሊኑክሱ የኤሲፒአይ ድራይቨር ሥራ ግን ያተኮረው ላክሱን በማንበብ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡን ለዴስክቶፑ አያደርስም። የስክሪኑን መስታወት፣ የሴንሰሩን ቦታና የፓነሉን ጉልበት ከሁሉም በላይ የሚያውቀው አምራቹ ነው። እሱ የጻፈው ሰንጠረዥ ፈርምዌሩ ውስጥ ካለ ሳይነበብ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ነገሩ እኛ ዘንድም ይደርሳል። አፕል ለ2012ቱ ማክቡክ ፕሮ የሰጠው የመጨረሻው ሲስተም ካታሊና ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ማሽኖች ላይ አዲስ ነገር መጫን የሚፈልግ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ዓይኑ የሚያርፈው ሊኑክስ ላይ ነው። ሴንሰሩ በውስጣቸው አለ። መብራት ሄዶ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ተማሪ ከላፕቶፑ ዕቃዎች ሁሉ ብዙ ኃይል ከሚበሉት አንዱ ስክሪኑ መሆኑን በልምድ ያውቀዋል። ክፍሉ ሲጨልም ስክሪኑ ራሱ ቢደበዝዝ ያ ተማሪ ተጨማሪ ደቂቃዎች ያገኛል። ይህ የሚሆነው ግን ድብዘዛው ንባብን እስከማይከለክል ድረስ በልክ ከሆነ ነው። ወደ 5 በመቶ የሚወርድ ስክሪን ባትሪ ይቆጥባል፣ ተማሪውን ግን አይጠቅምም። ከጓዳ ወደ ቀትር ፀሐይ የሚወጣ ሰውም ሌላ ጉዳይ አለው፤ 100,000 ላክስ ስር አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን ሙሉ ድምቀቱን ቢሰጥም አይበቃውም። ስለዚህ ስሌቱ በዚያ በኩል ያለ ማንገራገር ወደ ጣሪያው መሄድ አለበት።

ሃርድዌሩ ከሌላ አገልግሎት ጋር ሲያያዝ የሚመጣ ጣጣም አለ። ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ለሊኑክስ ተጠቃሚ ቅርብ በመሆኑ የታወቀ ነው። ባለ 12ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ላፕቶፑ ሲወጣ ግን የስክሪን ድምቀት መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎቹና የብርሃን ሴንሰሩ ድጋፍ ተጋጩ። የሴንሰሩ ድራይቨር ሲነሣ ቁልፎቹ ይሞቱ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የተሰጠው የሴንሰር ድራይቨሩ እንዳይጫን ማገድ ነበር። ተጠቃሚው ድምቀቱን በእጁ ከማስተካከልና ማሽኑ እንዲያስተካክልለት ከመፍቀድ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፤ ቁልፎቹን የመረጡት ትክክል ነበሩ። በእጅ የሚደረገው ማስተካከያ ምንጊዜም መሥራት አለበት፤ አውቶማቲኩ በእሱ ላይ የሚደረብ ነገር ነው።

ሌላው በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ጉዳይ ምስጢር ነው። አንድ የላክስ ቁጥር ምን ሊያወጣ ይችላል? በ2017 የደህንነት ተመራማሪው ሉካስ ኦሌይኒክ ከባልደረባው ጋር ያሳየው ነገር አስደንጋጭ ነበር። አንድ ድረ ገጽ ስክሪኑን እያደመቀና እያጨለመ፣ ከተጠቃሚው ፊትና ከክፍሉ የሚመለሰውን ብርሃን በሴንሰሩ በኩል እያነበበ ሰውየው ቀድሞ የትኞቹን ገጾች እንደጎበኘ ሊያውቅ ይችላል። ፋየርፎክስ በቀጣዩ ዓመት ይህን መገናኛ ዘጋው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ስክሪኑ የታሰበበት ምስል እያሳየ ሳለ ከሴንሰሩ ከሚገኙት ቁጥሮች ብቻ በታብሌቱ ፊት የሚንቀሳቀስን እጅ ሻካራ ምስል መልሰው ሠሩ። አንዱን ምስል ለማውጣት ከ3 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ ነገ የሚያሰጋ ጥቃት አይደለም። ካሜራ ሳይበራ፣ የካሜራው መብራት ሳይታይ ምስል መውጣቱ ግን ሴንሰሩን እንደ ተራ ቴርሞሜትር መቁጠር እንደማይገባ ያስረዳል።

የሊኑክስ አሠራር እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። በመካከል የቆመው ፕሮክሲ ማን ብርሃኑን እንደጠየቀ ስለሚያውቅ መከልከል የሚቻልበት ጥሩ በር ነው። ከስሩ ያሉት የከርነል ፋይሎች ግን በተለመደው አቀማመጥ በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ሊያነባቸው የሚችላቸው ናቸው። ፊት ለፊት በር ላይ ጠባቂ አቁሞ የጓሮውን ክፍት መተው ነው። ፋይሎቹን ለፕሮክሲው ብቻ መፍቀድ ትልቅ ሥራ አይደለም፤ ሊኑክስን አዘጋጅተው የሚያከፋፍሉት ዲስትሪቢውሽኖች በራሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተጠጋጋ ቁጥር መስጠትም ለስክሪን ድምቀት ከበቂ በላይ ነው።

ሴንሰር የሌላቸው ላፕቶፖችም ብዙ ናቸው። ክላይት የተባለው ፕሮግራም በካሜራው አልፎ አልፎ ፎቶ እየወሰደ ከምስሉ አማካይ ድምቀት የክፍሉን ብርሃን ይገምታል። ብልህ መላ ነው፤ ለጥቂት ሰዎችም ጠቅሟል። ነገር ግን ካሜራው ራሱ መጋለጫውን እንደ ብርሃኑ ስለሚቀያይር የሚሰጠው ግምት ነው እንጂ ልኬት አይደለም፤ በየጥቂት ደቂቃው የሚበራ የካሜራ መብራትንም ሁሉም ሰው አይወድም። ካሜራን ለዚህ ሥራ ማብራት ተጠቃሚው አውቆ የሚመርጠው እንጂ ሳይጠየቅ በርቶ የሚያገኘው ሊሆን አይገባም።

ወደፊት የሚያዋጣው መንገድ የሰውየውን እጅ መከታተል ይመስለኛል። አንድሮይድ 9 በ2018 ያመጣው ድምቀት ተጠቃሚው በየትኛው ብርሃን የትኛውን ልክ እንደሚመርጥ እያየ ራሱን ያስተካክላል። በሊኑክስ በኩል ውሉማ የተባለ ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል፤ ከዚያም አልፎ ስክሪኑ ላይ ያለው ነጭ ገጽ ነው ወይስ ጨለማ ፊልም የሚለውንም ያገናዝባል። ለሥራው የደመና አገልግሎትም ሆነ ትልቅ ሞዴል አያስፈልገውም፤ ሰውየው በእጁ የመረጣቸው ጥቂት ነጥቦች በማሽኑ ላይ ተቀምጠው በመካከላቸው መስመር ይሞላል። ስሌቱ በላክሱ ላይ ሳይሆን በላክሱ ሎጋሪዝም ላይ ከተሠራ ደግሞ ከ10 እስከ 10,000 ላክስ ያለውን በእኩል ርቀት ያያል።

እንግዲህ ከትልልቆቹ ዴስክቶፖች የምጠብቀው በጣም የተወሰነ ነገር ነው። አምራቹ ሰንጠረዥ ካስገባ ከርነሉ ያውጣውና መነሻው እሱ ይሁን፤ ከሌለ የመስፈርቱ ምሳሌ ይበቃል። ተጠቃሚው ቁልፉን በነካ ቁጥር የነካበት ነጥብ በሰንጠረዡ ላይ ይታከል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩርባው የእሱ ይሆናል። ለውጡ ወደ ላይ ሲሆን ይፍጠን፣ ወደ ታች ሲሆን ይዝገም፤ ከጨለማ ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ወዲያው ማየት ይፈልጋል፣ ወደ ጨለማ የገባ ግን ዓይኑ እስኪለምድ ደቂቃዎች አሉት። ከ20 በመቶ ያነሰ የብርሃን ለውጥ ደግሞ ምንም አያድርግ፤ በስክሪኑ ፊት ያለፈ የሰው ጥላ ድምቀቱን ሊያናጋው አይገባም። ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ሃርድዌርም ሆነ አዲስ ድራይቨር የሚጠይቅ የለም፤ አብዛኛው በዴስክቶፑ ኮድ ውስጥ ያሉ ጥቂት መስመሮችን የመለወጥና በተለያዩ ላፕቶፖች ላይ በትዕግሥት የመሞከር ሥራ ነው። የሚሞክሩት ሰዎችም ላፕቶፑ በአምፖል ስር፣ በመስኮት አጠገብና በውጭ በረንዳ ላይ የሚያነበውን ላክስና በእጃቸው የመረጡትን ድምቀት መዝግበው ከማሽኑ ሞዴል ጋር ቢልኩ ኩርባውን ለሚያስተካክለው ሰው ከማንኛውም አስተያየት ይበልጥ ይጠቅመዋል።